የእንቁራሪት ቆዳና ሰፋሪዎቹ፦ ከእርግዝና ምርመራ እስከ ባክቴሪያ ሕክምና

የእርግዝና ምርመራ ዛሬ በየጤና ጣቢያው በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ፣ በቀጭን መስመር የሚነበብ ቀላል ሥራ ነው። ከዘጠና ዓመታት በፊት ግን ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ሕይወት ያለው እንስሳ ያስፈልግ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ እንስሳት መካከል የአንዷን፣ ይኸውም የደቡብ አፍሪካዋን ባለ ጥፍር እንቁራሪት ታሪክ መነሻ አድርጎ በዓለም እንቁራሪቶች ላይ የደረሰውን እልቂት ይዳስሳል፤ ቀጥሎም በቆዳቸው ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለመከላከያነት ለመጠቀም የተደረገውን ሙከራ ያወሳል። ጉዳዩ ለእንስሳት ሐኪሞችና ለዱር እንስሳት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይመስለንም። የበሽታው መነሻ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ሲታሰብ ቆይቷል፤ ለመፍትሔ የተያዘው መንገድም ቀደም ሲል በሰው ሕክምና ተሞክሮ የተተወ ሐሳብ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከላቦራቶሪ የወጣችው እንቁራሪት

በ1920ዎቹ መጨረሻ ሠልማር አሽሃይም እና በርንሃርድ ዞንዴክ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በርሊን ውስጥ የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ገና ላልደረሱ እንስት አይጦች ሲወጋ የአይጦቹን የእንቁላል ዕጢ እንደሚያነቃቃ አሳዩ። ውጤቱን ለማየት አይጦቹ ተገድለው መከፈት ነበረባቸው፤ መልሱም ቀናት ይፈጅ ነበር። በ1931 በአሜሪካ በጥንቸል የሚሠራው ምርመራ ሲመጣ ጊዜው አጠረ፤ እንስሳዋ ግን ከመገደል አልዳነችም።

በዚያው ዘመን ላንስሎት ሆግበን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ዚኖፐስ ሌቪስ በምትባለው የአገሩ እንቁራሪት ላይ የፒቱታሪ ዕጢን ሥራ ሲያጠና ከበሬ ፒቱታሪ የወጣ ፈሳሽ ሲወጋት እንቁላል እንደምትጥል አስተዋለ፤ ይህንንም በ1930 አሳተመ። ሂለል ሻፒሮ እና ሃሪ ዝዋረንስታይን የተባሉ የኬፕ ታውን ተመራማሪዎች ደግሞ በ1933 እና በ1934 የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ተመሳሳይ ውጤት እንደሚያስከትል አስረዱ። ምርመራው ምቹ ነበር። እንቁራሪቷ ሽንቱ ከተወጋላት በኋላ በሰዓታት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እንቁላሉ በዓይን ይታያል፤ እርሷም ሳትሞት ዐርፋ ለሌላ ምርመራ ትደርሳለች። በመሆኑም በሽንት ላይ የሚሠራው የኢሚዩኖሎጂ ምርመራ በ1960ዎቹ እስኪተካት ድረስ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችና ላቦራቶሪዎች አገልግላለች። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ እንቁራሪቶች ከደቡብ አፍሪካ ተጭነው ተልከዋል። ያመለጡትና ሆን ተብሎ የተለቀቁትም በአሜሪካ፣ በቺሊና በብሪታንያ ዱር ውስጥ ተራብተዋል።

የዚችን እንቁራሪት ቆዳ በተመለከተ አንድ ነገር ሳይነሣ ቢታለፍ ይቆጫል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ማይክል ዛስሎፍ በእነዚሁ እንቁራሪቶች ላይ ቀዶ ጥገና አድርጎ ንጹሕ ወዳልሆነ ገንዳቸው ሲመልሳቸው ቁስላቸው ሳያመረቅዝ እንደሚድን ተመለከተ። ምክንያቱን ሲፈልግ በ1987 ማጋይኒን ብሎ የሰየማቸውን ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይዶች ከቆዳቸው ለይቶ አወጣ። የእንቁራሪት ቆዳ ተራ ልባስ አይደለም። ትተነፍስበታለች፣ ውኃና ጨው ትለዋወጥበታለች፣ መከላከያዋንም እዚያው ታመርታለች። ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ በዚህ ስስ አካል ላይ የተፈጸመ ነው።

ያለ ድምፅ የመጣ ወረርሽኝ

በ1989 የመጀመሪያው የዓለም የእንቁራሪቶችና የተሳቢ እንስሳት ጥናት ጉባኤ በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ሲካሄድ ከተለያዩ አህጉራት የመጡ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ወሬ ይዘው ተገናኙ፤ የሚያጠኗቸው እንቁራሪቶች እየጠፉ ነበር። በኮስታሪካ ሞንቴቨርዴ ደን በ1987 ከ1,500 በላይ ሆነው ለመራባት ሲሰበሰቡ የታዩት ወርቃማ ጉርጦች በ1989 በዚያው ቦታ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ደግሞ እንቁላሏን ውጣ ጫጩቶቿን በጨጓራዋ ውስጥ የምታሳድግ ድንቅ እንቁራሪት ነበረች። ጫጩቶቹ እንዳይፈጩ የጨጓራዋ አሲድ መመንጨት ያቆማል። ለዚህ ምክንያቱ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለው ንጥረ ነገር ሳይሆን እንደማይቀር የሚያመለክት ጥናት በ1983 ሲታተም እንቁራሪቷ ከዱር ከጠፋች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የጨጓራ ቁስለት ለሚያክም ሐኪም የዚህ ኪሣራ መጠን ሊገለጽለት አያስፈልግም።

ጥፋቱ ደን ባልተነካበት፣ ውኃ ባልተበከለበት ከፍተኛ ቦታ ጭምር መድረሱ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብቷል። በ1998 ሊ በርገር እና ባልደረቦቿ ከአውስትራሊያና ከፓናማ በተሰበሰቡ የሞቱ እንቁራሪቶች ቆዳ ውስጥ አንድ ፈንገስ እንዳገኙ አስታወቁ። ኪትሪድ የሚባለው የፈንገስ ወገን በውኃና በአፈር የሚኖር፣ ባለ አከርካሪ እንስሳት ላይ በሽታ በማምጣት የማይታወቅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጆይስ ሎንግኮር ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በመሆን በዋሽንግተን መካነ እንስሳት ከሞተች ሰማያዊ እንቁራሪት የተገኘውን ፈንገስ ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ ብላ ሰየመችው።

ፈንገሱ አንድ ጭራ ባላቸውና ውኃ ውስጥ በሚዋኙ ስፖሮች ይተላለፋል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል፤ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ይዳከማል። በቆዳ ላይ ብቻ የሚኖር ፈንገስ እንዴት ይገድላል? የጄሚ ቮይልስ ቡድን በ2009 የሰጠው መልስ ለሕክምና ባለሙያ በቀላሉ የሚገባ ነው። በታመሙት እንቁራሪቶች ቆዳ በኩል የሚደረገው የኤሌክትሮላይት ዝውውር ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ በፕላዝማ ውስጥ የሶዲየም መጠን 20 በመቶ ገደማ፣ የፖታሲየም መጠን ደግሞ 50 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ በመጨረሻም ልብ ቆሟል። በኮሌራ ጊዜ በአንጀት በኩል የምናየው መራቆት እዚህ በቆዳ በኩል ተፈጽሟል ማለት ነው።

በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በዚህ በሽታ ሳቢያ ቢያንስ 501 የአምፊቢያን ዝርያዎች እንደተመናመኑና ከእነዚህም 90ዎቹ ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገምቷል። የአሠራሩን ማስረጃ የተቹ ተመራማሪዎች ስላሉ ቁጥሩን እንደ ግምት መውሰድ ይገባል። አንድ ተሕዋስ ይህን ያህል ዝርያ አጥቅቶ ከዚህ ቀደም እንዳልታየ ግን ተቺዎቹም አይክዱም።

መነሻውስ ከየት ነው? በ2004 የደቡብ አፍሪካና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከ1879 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ተይዘው በሙዚየም የተቀመጡ 697 የዚኖፐስ እንቁራሪቶችን መርምረው ፈንገሱን በ1938 በተያዘች አንዲት እንቁራሪት ላይ አገኙ። ዚኖፐስ ፈንገሱን ተሸክማ ብዙም ሳትታመም ስለምትኖር፣ ለእርግዝና ምርመራ በተላከችበት ሁሉ በሽታውን አሠራጭታለች የሚለው ሐሳብ አሳማኝ ሆነ። በ2018 ግን ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ የፈንገሱ ዘር ቅደም ተከተሎች ሲነጻጸሩ ጥንታዊው ምንጭ ምሥራቅ እስያ፣ በተለይም የኮሪያ ልሳነ ምድር አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ገዳዩ ዝርያ መሠራጨት የጀመረውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ እንደሆነ ተገመተ። ስለዚህ የሕክምና ላቦራቶሪዎች የበሽታው ምንጭ ናቸው ከሚለው ክስ ነፃ ወጥተዋል። ከአዛማችነት ግን ፈጽሞ ነፃ ናቸው ለማለት አይቻልም፤ እንስሳትን ያለ ምርመራ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚያጓጉዘው ንግድ አንዱ ዘርፍ የእኛው ነበር። መልካም ሐሳብ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ብርቅዬ ጉርጦችን ለማዳን በምርኮ አራብተው ወደ ዱር የመለሱ ባለሙያዎች ፈንገሱን አብረው እንደመለሱ በ2008 በዘር ምርመራ ታውቋል፤ በማራቢያው ጉርጦቹን በፈንገሱ የበከሉት ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የዚኖፐስ ወገን እንቁራሪቶች እንደሆኑ ተገምቷል።

ቀድሞ የሰፈረ

ረቂቅ ተሕዋስያን እርስ በርሳቸው እንደሚከላከሉ ሕክምና ከተረዳ ቆይቷል። በ1954 ማርጆሪ ቦንሆፍ እና ባልደረቦቿ ስትሬፕቶማይሲን የተሰጣቸውን አይጦች በሳልሞኔላ ሲበክሉ፣ ቀድሞ ለመበከል ወደ 100,000 ባክቴሪያ ያስፈልግ የነበረው ከ10 በታች በሆነ ቁጥር መቻሉን አገኙ። መድኃኒቱ የገደላቸው የአንጀት ባክቴሪያዎች ለካ አጥር ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ በዴንቨር ቤን አይዝማን የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከአንቲባዮቲክ በኋላ በጽኑ የአንጀት ብግነት የታመሙ አራት ሰዎችን ከጤናማ ሰው በተወሰደ ዓይነ ምድር አክሞ እንደዳኑለት ዘገበ።

ለእንቁራሪቶቹ ታሪክ የቅርብ ዘመዱ ግን የሄንሪ ሻይንፊልድ ሥራ ነው። በ1950ዎቹ 80/81 የሚባለው የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ዝርያ በየአገሩ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎችን ሲያስጨንቅ ነበር። በኒው ዮርክ ሻይንፊልድና ባልደረቦቹ ዝርያውን በአፍንጫዋ የተሸከመች ነርስ የተንከባከበቻቸውን ሕፃናት ሲከታተሉ፣ የተያዙት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የነካቻቸው ሕፃናት መሆናቸውን ልብ አሉ። ከዚያ በላይ የቆዩት ሌላ ስታፊሎኮከስ ቀድሞ ሰፍሮባቸው ስለነበር አልተያዙም። ከዚህ በመነሣት ጉዳት የለውም ብለው ያመኑበትን 502ኤ የተባለ ዝርያ በአራስ ሕፃናት አፍንጫና እትብት ላይ ሆን ብለው አሠፈሩ፤ በተለያዩ ከተሞችም ወረርሽኙ ቆመ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ወጡ። በትልልቅ ሰዎች ላይ የሰፈረው የቀድሞ ዝርያ አስቀድሞ በመድኃኒት ካልተነቀለ አዲሱ አይዝም ነበር። በ1972 ደግሞ በዚሁ 502ኤ ምክንያት የሞተ ሕፃን መኖሩ ተዘገበ፤ አሠራሩም ቀረ።

ሪድ ሃሪስ በቨርጂኒያ በጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያጠናው ሳላማንደርን ነበር። ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል፣ ቆዳው ግን እንደ እንቁራሪት እርጥብ የሆነ እንስሳ ነው። አንዳንዶቹ እንስቶች እንቁላላቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሃሪስና ተማሪዎቹ ከእነዚህ እንስሳት ቆዳ ፈንገስ የሚያከስሙ ባክቴሪያዎችን ለዩ፤ በ2006ም ባክቴሪያዎቹ ኪትሪድን እንደሚያግዱ አሳተሙ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ጃንቲኖባክቴሪየም ሊቪደም ነው፤ ቫዮላሲን የተባለ ሐምራዊ ቀለም ያመነጫል፤ ይኸው ቀለም ለፈንገሱ መርዝ ነው። በ2007 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ባለ ቢጫ እግር እንቁራሪቶች ሲመረመሩ፣ ከበሽታው ጋር ተቻችሎ በሚኖረው መንጋ ውስጥ ፀረ ፈንገስ ባክቴሪያ ያላቸው እንቁራሪቶች ድርሻ እየጠፋ ካለው መንጋ ይልቅ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሃሪስ በ2009 ባሳተመው ሙከራ ሊቪደም የተቀባላቸው የዚሁ ወገን እንቁራሪቶች በፈንገሱ ቢበከሉም ከሕመምም ከሞትም ተርፈዋል።

ይህ ውጤት የፈጠረው ተስፋ ትልቅ ነበር፤ በተለይ ለፓናማ። የፓናማ ወርቃማ እንቁራሪት የአገሪቱ መለያ ናት። ፈንገሱ በ2006 ወደ ኤል ቫዬ ሸለቆ ሲደርስ ኤድጋርዶ ግሪፊትና ሃይዲ ሮስ በሽታው ያልደረሰባቸውን እንቁራሪቶች ሰብስበው ማቆያው እስኪጠናቀቅ በአንድ ሆቴል ክፍሎች ውስጥ አኖሯቸው። ከ2009 ወዲህ በዱር አልታየችም። በምርኮ የተራባችው ግን አለች፤ ወደ ወንዟ ለመመለስ የጎደለው ከፈንገሱ የሚጠብቃት ነገር ብቻ ነው። እናም ሊቪደም ተቀባላት። የሙከራው ውጤት በ2011 ታተመ፤ ባክቴሪያው መጀመሪያ ቆዳዋ ላይ ተገኘ፣ በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወረደ፣ ፈንገሱ ወጣ፣ እንቁራሪቶቹም መሞት ጀመሩ።

ይህ ውድቀት ከስኬቱ የበለጠ ትምህርት ሰጪ ነበር የሚል እምነት አለን። ባክቴሪያው ከሰሜን አሜሪካ ሳላማንደር የመጣ ነው፤ ወርቃማዋ እንቁራሪት የራሷ ሰፋሪዎች፣ የራሷ ፔፕታይዶችና የራሷ የቆዳ ልጣጭ አሏት። በጠርሙስ ውስጥ ፈንገስ ገዳይ መሆን አንድ ነገር ነው፤ በሰው ቤት ቦታ አግኝቶ መክረም ሌላ ነው። ሻይንፊልድ በትልልቅ ሰዎች አፍንጫ ላይ ያየው ይህንኑ ነበር። እኛ ሐኪሞች መድኃኒትን በሚሊግራም መለካት ስለለመድን ባክቴሪያንም እንደ ክኒን እናስበዋለን፤ ባክቴሪያ ግን ሰፋሪ ነው፣ የሚሠራውም ሲሰፍር ብቻ ነው።

ተመራማሪዎቹም መንገዳቸውን ለወጡ። በ2015 የታተመው ጥናት ከወርቃማዋ እንቁራሪት የቅርብ ዘመዶች የተወሰዱ አራት ባክቴሪያዎችን ሞከረ፤ አንዳቸውም አልያዙም። ሆኖም ጥቂት እንቁራሪቶች ፈንገሱን ራሳቸው አስወግደው ተረፉ። ከሙከራው በፊት የተወሰደው የቆዳቸው ናሙና ሲታይ የእነዚህ እንቁራሪቶች የባክቴሪያ ስብጥር ከሞቱት የተለየ ሆኖ ተገኘ። ይህን ማየት የተቻለው የባክቴሪያ ዝርያዎችን ሳያበቅሉ በራይቦዞም አር ኤን ኤ ዘራቸው መለየት ስለተቻለ ነው፤ ለዚህም መሠረቱ ካርል ዌዝ በ1977 ይፋ ያደረገው ሥራ ነው። በ2016 ደግሞ በኮሎራዶ ተራሮች ጉርጥ ላይ የተደረገ ጥናት ሁለት ነገሮችን አሳየ። ጉርጡ በምርኮ ሲኖር ከቆዳው ባክቴሪያዎች የተወሰኑትን ያጣል፤ ከዚያው አገር ጉርጥ የተወሰደው ሊቪደም ሲመለስለት ግን የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። በምርኮ ያለ እንስሳ በክብደቱና በጫጩቶቹ ብዛት ጤናማ መስሎ ሳለ መከላከያውን የተገፈፈ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ግኝት ለማራቢያ ጣቢያዎች ከማንኛውም ባክቴሪያ ጠርሙስ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ይመስለናል።

ሌሎች መንገዶችም ቸል አልተባሉም። በማዮርካ ጉርጦቹን በኢትራኮናዞል በማጠብና ኩሬዎቹን በፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል በማጽዳት ፈንገሱን ከዱር ማጥፋት እንደተቻለ በ2015 ተዘግቧል፤ ይህ በትንሽ ደሴት ላይ በጥቂት ኩሬዎች የሚሠራ እንጂ በሐሩር ደን ወንዝ የሚታሰብ አይደለም። በዮሴሚቲ ፓርክ ደግሞ የሴራ ኔቫዳ ባለ ቢጫ እግር እንቁራሪት ቁጥር በሃያ ዓመት ሰባት እጥፍ ማደጉ በ2016 ታውቋል። ወደ ሐይቆቹ ዓሣ መጨመር መቆሙና ከፈንገሱ ጋር የኖሩት መንጋዎች የመቋቋም ኃይል ማዳበራቸው በምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

የባሌ እንቁራሪቶች

የዚህ ታሪክ አንድ ገጽ በአገራችን የተጻፈ ነው። በባሌ ተራሮች፣ በተለይም በሐረና ደን፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ወገን የሆኑ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። በ2013 የታተመ ጥናት ከ1971 እስከ 2009 በተደረጉ 15 የመስክ ጉዞዎች የተሰበሰበውን መረጃ አቀናጅቶ አቅርቧል። ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ መጀመሪያ ከተገኘችበት ቦታ የጠፋች ይመስላል፤ በዚያው ቦታ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒም ቀንሳለች፤ ስፒኖፍሪኖይደስ ኦስጉዲ ደግሞ ከ1995 በኋላ በእርግጠኝነት የታየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥናቱ ማሽቆልቆሉን ያያያዘው በቅድሚያ ከደኑ መራቆት ጋር ነው። ኪትሪድ ፈንገስ በበርካታ የባሌ እንቁራሪቶች ላይ ተገኝቷል፤ ሞታ ወይም ስታጣጥር የተገኘች እንቁራሪት ግን አልነበረችም።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ ይነበባል። ሬሳ በቀዝቃዛ ጅረት ዳር ቶሎ ስለሚበላና ስለሚበሰብስ፣ አለመታየቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል ግን የባሌ እንቁራሪቶች እንደ ዚኖፐስ ከፈንገሱ ጋር የቆየ መቻቻል ይኖራቸው ይሆናል፤ ያም ከሆነ ምክንያቱ ከፔፕታይዳቸው፣ ከደጋው ሙቀት መጠን ወይም ከቆዳቸው ሰፋሪዎች አንዱ ወይም ሁሉም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን መለየት የሚቻለው እንቁራሪቶቹ በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው፤ በፎርማሊን የተቀመጠ ናሙና የፈንገሱን አሻራ ሊያሳይ ይችላል፣ የሚበቅል ባክቴሪያ ግን አይሰጥም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ናሙናው የሚወሰደው ለጉሮሮ ምርመራ በምንጠቀምበት ዓይነት ንጹሕ የጥጥ ዘንግ ነው። እንቁራሪቷ በአዲስ ጓንት ተይዛ በንጹሕ ውኃ ትታጠባለች፤ ሆዷ፣ ጭኖቿና የእግሮቿ መዳፎች በዘንጉ ይታበሳሉ፤ ጓንቱ ለእያንዳንዷ ይቀየራል፤ እርሷም በተያዘችበት ቦታ ትለቀቃለች። ዘንጉ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ላቦራቶሪ ሲደርስ ለሳንባ ነቀርሳ በምንጠቀምበት የፒ ሲ አር ዘዴ ፈንገሱ ይፈለጋል፤ የቀረው ናሙና የባክቴሪያዎቹን ስብጥር ለማንበብ ይቀመጣል። የመስክ ጫማና መረብ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ከመሻገራቸው በፊት በበረኪና ይታጠባሉ፤ ደርቀውም ይቆያሉ።